ብሬድና ፍሎሮካርቦን፦ ለጀማ ድንጋይ የሚሆን የዓሣ ክር አሠራር

ጀማ ወንዝ ላይ ትልቅ ዓሣ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ ክር ተበጥሶ ነው። ወንዙ ከደጋው ተንዶ የወረደ ጥቁር ድንጋይ ሞልቶበታል። ጎርፍ አንከባሎ ያለሰለሰው አለ፤ ጠርዙ ገና ስለት የሆነም አለ። ባርበስ የሚባለው ዓሣ መንጠቆ ሲይዘው የሚሮጠው በቀጥታ ወደዚያ ድንጋይ ነው። ተራ ናይለን እዚያ ጠርዝ ላይ አንዴ ተወጥሮ ከተፋተገ አለቀለት።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ክር ማጣመር ነው። ከሪሉ (ዘንጉ ላይ ካለው የክር መጠቅለያ) የሚወጣው ረጅሙ ክር ብሬድ ይሆናል። ወደ መንጠቆው ያለው አጭር ክፍል ደግሞ ፍሎሮካርቦን። ይህ አጭር ክፍል ሊደር ይባላል። ዘዴውን አጥብቀው ከያዙት መካከል የባስ አጥማጆች ይገኙበታል። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ሣርና የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ ይቆያል፤ ሲነክስ ወደ መደበቂያው ይመለሳል። ትልቅ አፍ ያለው የባስ ዓይነት የዓለም ክብረ ወሰን 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነው፤ 10 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጆርጅ ፔሪ በ1932 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ያዘው። ማናቡ ኩሪታ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ተስተካከለው።

ጀማ ውስጥ ባስ የለም። ባርበስና አምባዛ ግን አሉ፤ ችግሩም ያው ነው። ዓሣው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በጉልበት ወደ መደበቂያው ይሮጣል፤ መደበቂያው ደግሞ ክር ይቆርጣል። ስለዚህ ለባስ የተሠራው ዘዴ እኛም ጋ በደንብ ይሠራል። መመሪያውን ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ክር መበጠሱ አይቀርም፤ የት እንደሚበጠስ ግን አስቀድማችሁ እናንተ መወሰን ትችላላችሁ። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ነው የሚሄደው።

ሁለቱ ክሮች በምን ይለያያሉ

ብሬድ የሚሠራው በጣም ቀጭን ከሆኑ የፖሊኢትሊን ክሮች ነው። ልጆች ለቡሄ ጅራፍ እንደሚገምዱት፣ አራት ወይም ስምንት ዘርፍ ሆኖ ይጎነጎናል። ውፍረቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። 20 ፓውንድ የሚሸከም ብሬድ ውፍረቱ 6 ወይም 8 ፓውንድ ከሚሸከም ናይለን ጋር ይቀራረባል። በዚህ የተነሳ ርቆ ይወረወራል፤ ወራጅ ውሃም ብዙ አይገፋውም።

ትልቁ ጥቅሙ ግን አለመለጠጡ ነው። ናይለን ሲሳብ እንደ ዓይነቱ እስከ ርዝመቱ ሩብ ድረስ ሊለጠጥ ይችላል። ብሬድ ግን አይላወስም ማለት ይቻላል። ሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ዓሣው ትሉን ነካ ሲያደርግ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ጀማን በመሰለ ወራጅ ውሃ ይህ ስሜት ዋጋ አለው። ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ድንጋይ ሲነካና ዓሣ ሲነካው ያለውን ልዩነት ጣታችሁ በቶሎ ይለምደዋል።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። ብሬድ ተወጥሮ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ዘርፎቹ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። በጠራ ውሃ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ለስላሳ ስለሆነ አንዳንድ ቋጠሮ ላይ ይንሸራተታል። ሙቀትም አይችልም፤ 150 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ደረቅ ቋጠሮ በፍጥነት ሲጠብቅ በሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት ብቻውን ሊጎዳው ይበቃል።

ፍሎሮካርቦን የሚሸፍነው እነዚህን ቀዳዳዎች ነው። ለዓሣ ማጥመጃ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ ነው። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሰበቃ ይችላል። ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.42 ነው፤ የውሃ 1.33፣ የናይለን ወደ 1.53 ነው። ከናይለን ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ ለዓሣው ዓይን ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ክብደቱ ከውሃ 1.78 እጥፍ ስለሆነ ይሰምጣል፤ ብሬድ ግን ይንሳፈፋል። ናይለን ውሃ ጠጥቶ ሲላላ ፍሎሮካርቦን እንደነበረ ይቆያል።

ታዲያ ለምን ሪሉን በሙሉ ፍሎሮካርቦን አንሞላውም? ይወደዳል። ደረቅ ነው፤ ተጠቅልሎ የቆየበትን ቅርጽ ይዞ ስለሚቀር ሲወረወር ያስቸግራል። ለአንድ ሁለት ሜትር ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

ስትገዙ

ብሬድ 20 ፓውንድ ይበቃል። ስምንት ዘርፍ ያለው ለስላሳ ነው፤ ርቆም ይሄዳል። ለድንጋያማ ወንዝ ግን አራት ዘርፍ ያለውን እመርጣለሁ። ዘርፎቹ ወፈር ስለሚሉ ሰበቃ ይችላሉ፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ይሁን።

ለሊደር ሁለት ጥቅል ብትይዙ ጥሩ ነው። አንዱ 12 ፓውንድ፣ ሌላው 15 ፓውንድ። 12ቱ ለባርበስና ለጠራ ውሃ ነው። 15ቱ ለአምባዛና ድንጋይ ለበዛበት ቦታ። ማሸጊያው ላይ 100 ፐርሰንት ፍሎሮካርቦን የሚል ፈልጉ። "ኮትድ" የሚል ከሆነ ውስጡ ናይለን ነው፤ ከላዩ ብቻ ነው የተቀባው።

ሊደሩ ሁልጊዜ ከብሬዱ የደከመ መሆን አለበት። መንጠቆው ድንጋይ ውስጥ ሲቀረቀር ሊደሩ ይበጠሳል፤ የምታጡት መንጠቆና አንድ ሁለት ሜትር ክር ነው። ሊደሩ ከብሬዱ እኩል ወይም የበለጠ ጠንካራ ከሆነ ግን ብሬዱ ከመሀል ሊበጠስ ይችላል። ያኔ ብዙ ሜትር ክር ወንዙ ውስጥ ይቀራል። ለከብትም፣ ለወፍም፣ ውሃ ለሚሻገር ሰውም ወጥመድ ነው።

ዘንግና ሪል ሳትይዙ ክር በእጃችሁ የምትጥሉ ከሆነ ብሬድ ይቅርባችሁ። ቀጭንና የማይለጠጥ ክር ትልቅ ዓሣ ሲስበው ሥጋ ይቆርጣል። ለእጅ ወፍራም ናይለን ይሻላል። ሊደሩን ግን ከናይለኑም ጋር ማጣመር ትችላላችሁ።

ብሬዱን ሪል ላይ መጠቅለል

ብሬድ ባዶ ስፑል (ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ክፍል) ላይ በቀጥታ ከታሰረ ይንሸራተታል። እጀታውን ታዞራላችሁ፣ ክሩ ግን በጥቅሉ ይሽከረከራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይለን ጠቅልሉና ብሬዱን ከእሱ ጋር እሰሩ። ናይለን ከሌለ ስፑሉ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ለጥፉ።

ከዚያ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። አንድ ሰው የክሩን ጥቅል በመጻፊያ እርሳስ ወይም በእንጨት ሰክቶ ይያዝላችሁ። እናንተ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ መሀል እያሳለፋችሁ አዙሩ። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ብሬድ ዓሣ ሲስበው ወደ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ቀጣዩ ውርወራ ላይ ተወሳስቦ ይወጣል። ከስፑሉ ከንፈር 2 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ።

የሊደሩ ርዝመት

ይህን የሚወስነው ወሩ ነው። በክረምት ጀማ ጭቃ ነው፤ ዓሣው ክሩን አያይም። 60 ሳንቲሜትር ሊደር ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ለድንጋዩ ብቻ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃው ይጠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኩሬዎቹ ታች ድረስ ይታያሉ። ያኔ ሊደሩን ወደ ሁለት ሜትር አስረዝሙ። በበጋው መጨረሻ ወንዙ ወደ ተቆራረጠ ኩሬ ሲያንስ ዓሣው በጣም ይጠነቀቃል። ሁለት ሜትር ተኩል ብታደርጉም አልበዛም።

ሊደሩ ሲረዝም ግን ሁለቱን ክሮች የሚያገናኘው ቋጠሮ የዘንጉን ቀለበቶች ማለፍ ግድ ይሆንበታል። የቋጠሮው ምርጫ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን ክሮች ማሰር

ለጀማሪ ድርብ ዩኒ የሚባለውን ቋጠሮ እመክራለሁ። ወፈር ይላል፤ ስለዚህ ለአጭር ሊደር ነው የሚሆነው። ግን አስተማማኝ ነው፤ ወንዝ ዳር ቆሞም ይታሰራል።

የብሬዱንና የሊደሩን ጫፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን አስተኙ። አንድ ስንዝር ያህል ይደራረቡ። የብሬዱን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፉና ሸምቀቆ ሥሩ። ጫፉን በሸምቀቆው ውስጥ እያሳለፋችሁ ሁለቱንም ክሮች አንድ ላይ ስምንት ጊዜ ጠምጥሙ። ጫፉን ስትስቡት ቋጠሮው ይሰበሰባል፤ ለጊዜው ግን እስከ መጨረሻው አታጥብቁት። አሁን ወደ ሊደሩ ጫፍ ሂዱና ያንኑ ድገሙ። ፍሎሮካርቦን ወፍራም ስለሆነ እዚህ አራት ወይም አምስት ጥምጥም ይበቃል። ሁለት ቋጠሮ ተራርቆ ታያላችሁ። በምራቅ ወይም በውሃ በደንብ አርጥቧቸው። ከዚያ ሁለቱን ረጃጅም ክሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ሳቡ። ቋጠሮዎቹ ተንሸራትተው ይገናኛሉ። ሲገናኙ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡና ትርፉን ቁረጡ። ከፍሎሮካርቦኑ 2 ሚሊሜትር፣ ከብሬዱ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ አስቀሩ።

ማርጠቡን አትዝለሉት። ቋጠሮ ከሚከዳባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይሄ ነው። ፍሎሮካርቦን በደረቁ ሲጠብቅ ገጹ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ነጣ ብሎ ይጠማዘዛል። እንደዚያ ካያችሁ ቆርጣችሁ ጣሉትና እንደገና እሰሩ። ከዓሣ ጋር እየታገላችሁ ከመፈተን አሁን መቁረጥ ይሻላል።

ለረጅም ሊደር ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮ ይሻላል። በጣም ቀጭን ነው፤ ቀለበቶቹን ሳይነካ ያልፋል ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት።

ዘንጉን በጉልበታችሁ መሀል ያዙ። የብሬዱን ጫፍ በጥርሳችሁ ነክሳችሁ ክሩን ወጥሩት። የምትቋጥሩት በተወጠረው ብሬድ ላይ ነው። የሊደሩን ጫፍ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እያቀያየራችሁ በብሬዱ ዙሪያ አሳልፉ። ልክ ከሆነ ሊደሩ ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ የሚጠመጠመው ብሬዱ ነው። ከ18 እስከ 20 ጊዜ ድገሙት። ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ይተኙ። ከዚያ ጥምጥሙን በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ይዛችሁ፣ በብሬዱ ጫፍ ሊደሩንና ዋናውን ብሬድ አንድ ላይ በአራት ግማሽ ቋጠሮ (ጫፉን አንዴ አዙሮ በተሠራው ሸምቀቆ ማሳለፍ) እሰሩ። አርጥቡና ሁለቱን ረጃጅም ክሮች በኃይል ሳቡ። ብሬዱ ፍሎሮካርቦኑን ሲነክሰው ቀለሙ ጠቆር ይላል። ጠቆር ካላለ ገና አልያዘም። የሊደሩን ትርፍ ከሥሩ ቁረጡ። በመጨረሻ ዋናው ብሬድ ላይ ብቻ ሌላ አራት ግማሽ ቋጠሮ ጨምሩና የብሬዱን ትርፍ ቁረጡ።

ብሬድ በጥርስ አይቆረጥም፤ ስለታም መቀስ ያዙ።

መንጠቆውን ማሰር

እዚህ ፓሎማር የሚባለውን ብቻ ብትችሉ ይበቃል። ክሩን አንድ ስንዝር ያህል እጠፉና የታጠፈውን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። ባሳለፋችሁት እጥፍና በቀረው ድርብ ክር ተራ ቋጠሮ ሥሩ፤ አታጥብቁት። መንጠቆው በመሀል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሸምቀቆውን በመንጠቆው ላይ አልፉና ወደ ላይ መልሱት። አርጥቡና ዋናውንና የትርፉን ክር አንድ ላይ ሳቡ። ድርቦቹ እርስ በርስ እንዳይጣመሩ እያያችሁ አጥብቁ።

እርሳሱን በሊደሩ ላይ ስታደርጉ በፒንሳ አትጨፍልቁት። ፍሎሮካርቦን በጥርስ ምልክት ይዳከማል፤ የተጎዳበት ቦታም ከቋጠሮው በፊት ይበጠሳል።

ድራጉን መለካት

ድራግ ዓሣው ሲስብ ሪሉ ክር የሚለቅበት ማጥበቂያ ነው። ከናይለን ወደ ብሬድ የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳያስተካክል ይተወዋል። ናይለን በመለጠጡ ግፊቱን ይቀበል ነበር። ብሬድ አይቀበልም። ስለዚህ ግፊቱን የሚያበርደው ድራጉና የዘንጉ መታጠፍ ብቻ ነው።

ልኩ ከደካማው ክር ጉልበት ሩብ ያህል ነው። 12 ፓውንድ ሊደር 5.4 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ ሩቡ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ሚዛን አያስፈልግም። ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ውሃ ሙሉውን ክሩ ላይ እሰሩና በሪሉ ብቻ አንሱት። ጠርሙሱ ከመሬት ሲነሳ ድራጉ ቀስ ብሎ መልቀቅ ከጀመረ ልክ ነው። ጠርሙሱ ያለምንም መልቀቅ ከተነሳ አላሉት። ለ15 ፓውንድ ሊደር ጥቂት ጠበቅ ይበል።

ወንዙ ላይ

ከወረወራችሁ በኋላ ለመወርወር የከፈታችሁትን የሪሉን ሽቦ በእጃችሁ መልሱት እንጂ እጀታውን በማዞር አትዝጉት። ወዲያው ክሩን ሳብ አድርጋችሁ ላላ ያለውን ሰብስቡ። ብሬድ በንፋስ የሚቋጠረው ስፑሉ ላይ ላላ ብሎ ሲቀር ነው። የጀማ ሸለቆ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል፤ ጠዋት ይሻላል።

ዓሣ ሲነክስ ዘንጉን በኃይል አትንጠቁ። በናይለን የለመደ እጅ መንጠቅ ይወዳል፤ ብሬድ ግን ጉልበታችሁን በሙሉ ወደ ዓሣው አፍ ያደርሳል። መንጠቆው ሥጋውን ቀድዶ ይወጣል፣ አለዚያም ሊደሩ ይበጠሳል። ላላ ያለውን ክር ጠቅልሉ፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ ዘንጉን ቀና አድርጉ። በቃ። ከዚያ ዓሣውን ከድንጋዩ በጎን በኩል ምሩት። ዘንጉን ወደ ወንዙ መሀል ዘንበል ማድረግ ሽቅብ ከማንሳት የተሻለ ያስቀይሰዋል።

መንጠቆው ድንጋይ ውስጥ ከተቀረቀረ ብሬዱን በባዶ እጅ አትጠቅልሉ። ይቆርጣችኋል። ዱላ ላይ ጠቅልላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በትክክል ካሰራችሁት የሚለቀው መንጠቆው ጋ ወይም ሊደሩ ላይ ነው።

ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የሊደሩን መጨረሻ ክንድ ያህል በጥፍራችሁ መሀል አሳልፉት። የሻከረ ቦታ ካገኛችሁ ከዚያ በላይ ቁረጡና መንጠቆውን እንደገና እሰሩ። ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሱ ክር የሚሻክረው በድንጋይ ነው። አምባዛ ግን መንጋጋው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥቃቅን ጥርስ አለው። ባስም እንዲሁ። አንድ ትልቅ አምባዛ ካወጣችሁ ሳትመረምሩ ደግማችሁ አትወርውሩ። ስታነሱትም ከጎኑ ካለው ሹል ክንፍ ተጠንቀቁ። ሊደሩ እየተቆረጠ አንድ ክንድ ሲቀረው አዲስ ቀይሩ።

ስለ ቦታው ጥቂት

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን ያቋርጣል። ከዚያ ወርዳችሁ ስትቆሙ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ውሃው ግን የሚመጣው ከላይ ነው። በረሳ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጀማ ይፈሳል። መንዝ ላይ የዘነበውም እዚያው ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ አትሰብስቡ። ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ደራሽ ጊዜ አይሰጥም። ቆላው ላይ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆምም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ወርውሩ። ስለ አዞም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ እወቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬ ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች ስታገኙ መንጠቆውን አሳዩዋቸው። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ያሰክራል። መንጠቆ ግን የምትፈልጉትን ብቻ ያወጣል፤ ትንሹን በሕይወት ትመልሱታላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት የተቆራረጠውን ክር ሁሉ ልቀሙ። ፍሎሮካርቦን አይበሰብስም ማለት ይቻላል። በሬ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ወፍ ክንፍ ላይ ይጠላለፋል። እሳት ውስጥም አትጨምሩት፤ ሲቃጠል ለሳንባ መርዝ የሆነ ጋዝ ይወጣዋል። ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና ይዛችሁት ውጡ።

ቤት ስትደርሱ ሪሉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ የጀማ አሸዋ በብሬዱ ዘርፎች መሀል ከገባ ከውስጥ ይፈገፍገዋል። ጥላ ውስጥ አድርቁት። በዓመት አንዴ ደግሞ ብሬዱን በሙሉ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ ጠቅልሉት። ታች ያለው ግማሽ ውሃ ሳይነካ የቆየ ስለሆነ አዲስ ክር እንደመግዛት ነው።